ከባሕር ማዶ ስለሚመጣ የጌም ማጫወቻና ስለ ኮረንቲው

በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶች ልጆቻቸው ያደጉበትን አሮጌ ኒንቴንዶ በሻንጣ ይዘው ሲመጡ፣ ዕቃው በመጀመሪያው ቀን ጢስ ሆኖ እንዳይቀር ጥቂት ልገልጽላችሁ አስቤአለሁ።

የአገራችን ኮረንቲ 220 ቮልት ሲሆን የአሜሪካው 120፣ የጃፓኑ ደግሞ 100 ቮልት ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ለሽያጭ የቀረበው ኒንቴንዶ 120ውን እንኳ በቀጥታ አይቀበልም። ከግድግዳው የሚሰካው ከባድ ሣጥን፣ ማለት አዳፕተሩ፣ በውስጡ ባሉት ሁለት የመዳብ ሽቦ ጥቅሎች አማካይነት ወደ 9 ቮልት ያወርድለታል። ጥቅሎቹ ግን ያገኙትን በዚያው ልክ ይቀንሳሉ እንጂ መርጠው 9 አያወጡም። 220 ቢደርሳቸው 16 ቮልት ያህል ለመስጠት ይጣጣራሉ፤ ሣጥኑ ይግላል፣ ሽቦው ይቃጠላል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል።

በየሱቁ የሚሸጠው ትንሽ ሶኬት መቀየሪያ ጠፍጣፋውን እግር ከክቡ ቀዳዳ ያገናኛል እንጂ ቮልት አይቀንስም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዝቶ አሜሪካዊውን አዳፕተር በእሱ ላይ መሰካት ነው፤ አዳፕተሩ የሚወስደው 17 ዋት ስለ ሆነ 50 ዋት የሚችል ይበቃል። እኔ ግን ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ይኸውም 220 ተቀብሎ 9 ቮልትና ቢያንስ 1.3 አምፔር ተለዋዋጭ ኮረንቲ የሚሰጥ አዳፕተር መተካት ነው። በቤት ውስጥ የሚግል ተጨማሪ ሣጥን አይኖርምና። በአዳፕተሩ ላይ «100-240» ተብሎ ከተጻፈ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም።

እ.ኤ.አ. በ1983 በጃፓን የወጣው ፋሚኮም ደግሞ የሚፈልገው 10 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ ነው፤ የመሰኪያውም መካከል ኔጌቲቭ ነው። ስለዚህ የአሜሪካውን ኒንቴንዶ አዳፕተር ለእሱ አትስጡት።