የተሰበረ ክንድና የጠበቀ ማሰሪያ

ሸማ ነጋዴ በክንድ ሲለካ ከክርኑ ጀምሮ እስከ መሐል ጣቱ ጫፍ ድረስ ይዘረጋል። ጣቶችን የሚያንቀሳቅሰው ኀይል የሚመነጨው ብዙ ሰው እንደሚያስበው ከጣቶቹ ከራሳቸው ሳይሆን ከዚሁ ከክንድ ነው። አንባቢ ይህን ለማረጋገጥ ቢሻ ግራ እጁን በቀኝ ክንዱ ላይ፣ ከክርኑ ጥቂት ዝቅ አድርጎ ያሳርፍና የቀኝ ጣቶቹን ይጨብጥ፤ መልሶም ይዘርጋ። ጡንቻዎቹ ከቆዳው ሥር ሲኮማተሩና ሲፍታቱ ይሰማዋል። ከነዚህ ጡንቻዎች የሚነሡ ረጃጅም ጅማቶች በእጅ አንጓ አልፈው ጣቶቹን እንደ ገመድ ይስቧቸዋል። በመዳፍ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች ደግሞ እንደ ጽሕፈትና እንደ ስፌት ባለ ረቂቅ ሥራ ይረዳሉ።

ጡንቻዎቹን የሚያዙት ሦስት ነርቮች ናቸው። ራዲያል የሚባለው የእጅ አንጓንና ጣቶችን ቀና ያደርጋል፤ ሜዲያን የሚባለው አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን አቀናጅቶ ጠመኔ ያስይዛል፤ አልናር የሚባለው ጣቶችን እርስ በርሳቸው ያራርቃል። (ክርናችን ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር ሲጋጭ እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝረን ይኸው አልናር ነው እንጂ ዐጥንቱ አይደለም።)

ይህን መዘርዘራችን ያለ ምክንያት አይደለም። ትንንሽ ልጆች፣ ይልቁንም ከ5 እስከ 7 ዓመት ያሉት፣ ከዛፍ ወይም ከአጥር ወድቀው በተዘረጋ እጃቸው ሲያርፉ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከክርን ጥቂት ከፍ ብሎ ያለው ዐጥንት ነው። ዋናው የደም ሥርና ሜዲያን ነርቭ በዚያው ስፍራ ተጠግተው ያልፋሉ። የክንድ ጡንቻዎች በማይለጠጥ ጠንካራ ሽፋን የተጠቀለሉ ስለ ሆኑ እብጠት ሲመጣ ወደ ውጭ መስፋት አይችልም፤ ወደ ውስጥ ይጫናል። በላዩ ቀርከሃና ጨርቅ ጠብቆ ሲታሰርበት ጫናው ይበረታል፤ ደምም ወደ ጡንቻው መድረስ ያቆማል። ደም ያጣ ጡንቻ 6 ሰዓት ያህል ጊዜ ካለፈበት ጉዳቱ የማይመለስ ይሆናል። የሞተው ጡንቻ ወደ ጠባሳ ተለውጦ ያጥራል፤ ጣቶቹም እንደ ተቈለመሙ ይቀራሉ። ጀርመናዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን ይህ ሽባነት ከጠበቀ ማሰሪያ የሚመጣ የደም እጦት ውጤት መሆኑን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1881 ዓ.ም. ጽፎ አስረድቷል። ጉዳቱ ሲከፋም ክንዱ በስብሶ ይቈረጣል፤ በአገራችንም እንዲህ ያለ ዕጣ የደረሰባቸው ሕፃናት አሉ።

ወጌሻን ሁሉ ለመንቀፍ አልተነሣንም፤ ልምድ ያላቸውና በጥንቃቄ የሚሠሩ አሉ። ነገር ግን ማሰሪያ በጠበቀ ቍጥር ዐጥንት ቶሎ ይገጥማል የሚለው አስተሳሰብ ፍጹም ስሕተት ነው።

ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ «ወንድ ልጅ አያለቅስም፤ ቻለው» ይባላል። ይህ ልቅሶ ግን ዋነኛው ምልክት ነው። ክንዱ ከታሰረ በኋላ ሕመሙ በመቀነስ ፈንታ ከጨመረ፣ ሌላ ሰው ጣቱን ቀስ አድርጎ ሲያቃናለት ከጮኸ፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ ወይም ገርጥተው ከቀዘቀዙ፣ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም። በእጅ አንጓው ላይ የደም ሥር ትርታ መገኘቱም ሊያዘናጋ አይገባም፤ ትልቁ የደም ሥር እየመታ ጥቃቅኖቹ ሊዘጉ ይችላሉና። በማግሥቱ ሕመሙ ጠፍቶ ጣቶቹ ቢደነዝዙ ደግሞ ልጁ ዳነ ማለት አይደለም፤ ነርቩ መናገር አቃተው ማለት ነው።

አደጋው በትምህርት ቤት የደረሰ እንደ ሆነ መምህሩ ክንዱን አይጐትት፤ አያሽ፤ ቅቤም አይቀባ። አምባርና ቀለበት ካለ ቶሎ ያውልቅ። ክንዱን እንዳገኘው አድርጎ፣ በጋዜጣ ወይም በመጽሐፍ ላይ ለስላሳ ጨርቅ ደልድሎ ይደግፈው፤ ላላ አድርጎ ይሰር፤ ጣቶቹንም አይሸፍን። ማደንዘዣ ሊያስፈልግ ስለሚችል ምግብና መጠጥ አይስጥ። ከዚያም ልጁ አውራ ጣቱን ቀና እንዲያደርግ፣ በአውራና በሌባ ጣቱ ቀለበት እንዲሠራ፣ ጣቶቹንም እንዲያራርቅ ይጠይቀው፤ በዚህ ሦስቱም ነርቮች ይመረመራሉ።

ቀድሞ ጠብቆ የታሰረ ቢሆን ጨርቁን ሁሉ እስከ ቆዳው ድረስ ፈቶ ክንዱን ከልብ ትክክል ማሳረፍና ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል። ሐኪሙ የጡንቻውን ሽፋን በቀዶ ጥገና ከፍቶ ጫናውን ሊያስተነፍስ ይችላል፤ የሚጠቅመው ግን ጡንቻው ሳይሞት ሲደርስለት ነው። ስለዚህ ልጁ የወደቀበትንና ክንዱ የታሰረበትን ሰዓት በወረቀት ጽፎ ከልጁ ጋር መላክ ነው።