ዮጋ ከሰው የሚጠይቀው

ኅዳር 2009 ዓ.ም. የገዳ ሥርዓት በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍር ጉባኤው የተካሄደው እዚሁ አዲስ አበባ ነበር። በዚያው ጉባኤ የህንድ ዮጋም ተመዝግቧል። ዮጋ በመዝገቡ የተገለጸው የህንድን ማኅበረሰብ ከጤና እስከ ትምህርትና ኪነ ጥበብ ድረስ የቀረጸ ፍልስፍና ተብሎ ነው። ዮጋ ሲባል ምንጣፍ ዘርግቶ ሰውነትን ማፍታታት ብቻ ትዝ ለሚለው ሰው ይህ አገላለጽ ግር ሊለው ይችላል። እኔ ግን ትክክለኛው አገላለጽ ይኸው ነው እላለሁ፤ ጥንታዊው ዮጋ ከጡንቻ ይልቅ ከሕሊና ብዙ ይጠይቃልና።

ማስረጃው ፓታንጃሊ ጻፈው የሚባለው «ዮጋ ሱትራ» ነው። ብዙ ተመራማሪዎች መጽሐፉ መልክ የያዘው ከዛሬ 1,600 ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ይገምታሉ። አራት ምዕራፎች አሉት፤ በውስጣቸው ያሉት 195 ያህል እጅግ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። ተማሪው በቃሉ ያጠናቸዋል፣ መምህሩ ይፈታለታል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ስለ ሰውነት አቀማመጥ የሚናገሩት ሦስት ብቻ ናቸው። ፍሬ ነገራቸውም አቀማመጡ የጸናና የተመቸ ይሁን፣ ተቀማጩም ሙቀትና ብርድ በመሳሰሉት የማይታወክ ይሁን የሚል ነው። የአቀማመጥ ዓይነቶች እየበዙ የመጡት ኋላ ነው፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የስቫትማራማ «ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ» እንኳ የሚያስረዳው 15 ያህሉን ነው። ዛሬ በዓለም ከተሞች የሚታየውን ከትንፋሽ ጋር የተያያዘ ተከታታይ እንቅስቃሴ በመቅረጽ ትልቁን ድርሻ የያዘው ክሪሽናማቻርያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በህንድ በማይሶር ቤተ መንግሥት ያስተምር ነበር።

ሱትራው የሚነሣው ሰው ለምን ይሠቃያል ከሚለው ጥያቄ ነው። መልሱን የሚሰጠው ሳምክያ በተባለው የህንድ ፍልስፍና ላይ ቆሞ ነው። ሳምክያ ያለውን ሁሉ ለሁለት ይከፍላል። አንደኛው ፕራክሪቲ ነው፤ ድንጋዩም፣ ሥጋውም፣ ስሜቱም፣ ሐሳቡም በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሁለተኛው ፑሩሻ ነው፤ የሚያየው፣ የሚያውቀው፣ እሱ ራሱ ግን የማይለወጠው ንጹሕ ንቃት። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። «እኔ» የምንለው ብዙውን ጊዜ በውስጣችን የሚያስበውን ነው። ለእነዚህ ፈላስፎች ግን ሐሳብም ሲመጣና ሲሄድ ይታያል፤ የሚታይ ከሆነም የሚያየው ሌላ ነው። የጥንት ተንታኞች ነገሩን ሲያስረዱ፣ ጥርት ያለ የከበረ ድንጋይ አጠገቡ ቀይ አበባ ቢያስቀምጡለት የቀላ ይመስላል፤ ድንጋዩ ግን አልተለወጠም ይላሉ። ንቃትም ቁጣ በአእምሮ ሲያልፍ የተቆጣ ይመስላል።

ይህ መምታታት ድንቁርና ይባላል። ከእሱም እኔነት፣ መጓጓት፣ መጥላት፣ ሕይወትን ሙጥኝ ማለት ይወለዳሉ። የመጨረሻው ዐዋቂዎችን እንኳ እንደማይለቅ መጽሐፉ ሳይሸሽግ ይናገራል። ከእነዚህ የሚመነጭ ሥራ አሻራ ይተዋል፣ አሻራውም ሰውን ወደ ሌላ ልደት ይጎትተዋል። የካርማና የዳግም ልደት እምነት የዚህ ትምህርት ምሰሶ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይህን አስቀድሞ በግልጽ ቢያውቅ ይሻለዋል፤ የሚወስደውንና የሚተወውን አስተውሎ መለየት የሚችለው ያኔ ነው።

መድኃኒቱ ስምንት ክፍል ያለው ሥርዓት ነው። የሚጀምረውም ሰው ከሌሎች ጋር በሚኖረው ኑሮ ነው። ያማ የሚባሉት አምስት መታቀቦች አሂምሳ ወይም ፍጡርን አለመጉዳት፣ እውነት መናገር፣ አለመስረቅ፣ ከፍትወት መጠበቅና አለማግበስበስ ናቸው። የጃይን ሃይማኖት መነኮሳት የሚገቧቸው አምስት ታላላቅ መሐላዎችም እነዚሁ ናቸው። ሱትራው በትውልድ፣ በቦታ፣ በጊዜም ሆነ በሁኔታ ሊገደቡ አይገባም ይላል። ቪያሳ ጻፈው የሚባለው ጥንታዊ ትንታኔ ደግሞ ጉዳዩን በምሳሌ ይዘረዝረዋል። «ከዓሣ በቀር ሌላ አልጎዳም» የሚለው ዓሣ አጥማጅ አሂምሳውን በትውልድ ሙያው ገድቦታል። በተቀደሰ ስፍራ አልገድልም የሚለው በቦታ፣ በተቀደሰ ቀን አልገድልም የሚለው በጊዜ ገድቦታል። ከጦር ሜዳ ውጭ አልገድልም የሚለው ወታደርም በሁኔታ ገድቦታል። ዮጊው እነዚህን ሁሉ ሰበቦች መተው አለበት። ከጠቅላላው ትምህርት እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚይዘኝ ይህ ነው፤ እንደ ዓሣ አጥማጁ «ከዚህ በቀር» ብሎ ለራሱ አንድ ነገር ያላስቀረ ሰው አላውቅምና።

ለምን ከዚህ እንደሚጀመርም ግልጽ ነው። ቀን ሰው ሲያታልል የዋለ፣ ማታ ዓይኑን ጨፍኖ ቢቀመጥ ሐሳቡ አይረጋለትም። ቀጥሎ የሚመጡት ኒያማዎች ሰው ከራሱ ጋር ያለውን ይመለከታሉ፦ ንጽሕና፣ በቃኝ ማለት፣ ተጋድሎ፣ ቅዱሳት መጻሕፍትን ማጥናትና ራስን ለኢሽቫራ መስጠት። የሱትራው ኢሽቫራ ድንቁርናም ካርማም ፈጽሞ ነክቶት የማያውቅ ልዩ ፑሩሻ፣ የጥንት መምህራንም መምህር ነው፤ ምልክቱ «ኦም» የሚለው ድምፅ ነው። ዓለምን ከምንም የፈጠረ አምላክ ተብሎ ግን አልተነገረለትም።

አቀማመጡ፣ ትንፋሽን መግራቱና ስሜት ሕዋሳትን ከውጭ ወደ ውስጥ መሰብሰቡ ከዚህ በኋላ ይመጣሉ። ከዚያ ልብን በአንድ ነገር ላይ ማሳረፍ፣ ሳያቋርጡ በእሱ ላይ መቆየት፣ በመጨረሻም ሳማዲ፦ የሚያስበው ተረስቶ የሚታሰበው ብቻ የሚቀርበት ሁኔታ። ሦስተኛው ምዕራፍ በዚህ መንገድ ይገኛሉ ያላቸውን ድንቅ ኃይሎች ይዘረዝራል፤ የሌላውን ሐሳብ ማወቅ፣ ያለፈ ልደትን ማስታወስ የመሳሰሉትን። ወዲያው ግን ለሳማዲ እንቅፋት ናቸው ብሎ ያስጠነቅቃል። የሚፈለገው ፑሩሻ ከፕራክሪቲ ተለይቶ በራሱ መቆሙ፣ ካይቫልያ ነው።

ይህ የባሕታዊ መንገድ ይመስላል፤ በብዛትም ነው። ሥራና ቤተሰብ ላለው ሰው የሚሆነውን ዮጋ የሚያስተምረው «ባጋቫድ ጊታ» የተባለው መጽሐፍ ነው። በኩሩክሼትራ የጦር ሜዳ ተዋጊው አርጁና ዘመዶቼን አልወጋም ብሎ ቀስቱን ይጥላል። አምላኩ ክሪሽና ግን ተነሥ፣ ግዴታህን ፈጽም፣ ፍሬውን አትመኝ ይለዋል። ታዲያ አንዱ መጽሐፍ ለወታደር እንኳ ሰበብ ሲከለክል ሌላው ዮጋን ለተዋጊ ያስተምራል። ይህን ተቃርኖ ሁለት ህንዳውያን በተለያየ መንገድ ፈቱት። እ.ኤ.አ. በ1915 ጋንዲ አህመዳባድ ላይ አሽራሙን፣ ማለትም የጋራ መኖሪያውን፣ ሲመሠርት አምስቱን ያማዎች ከነዋሪዎቹ መሐላዎች መካከል አካተታቸው። የጊታውንም ጦርነት በሰው ልብ ውስጥ የሚካሄድ ፍልሚያ አድርጎ ያነበው ነበር። በዚያው ዓመት የነፃነት ታጋዩ ቲላክ በማንዳላይ እስር ቤት ሳለ የጻፈው «ጊታ ራሃስያ» ታተመ። ቲላክ ደግሞ ጊታ የሚያዘው ዓለም ውስጥ ገብቶ መሥራትን ነው፤ ለራስ ጥቅም እስካልሆነ ድረስ ኃይል መጠቀምንም አይከለክልም አለ። ሁለቱ የተስማሙት ሥራው ፍሬን ሳይመኙ የሚሠራ መሆን አለበት በሚለው ነው።