ዓባይን ከካይሮ በኩል ያነበቡት ፕሮፌሰር

ጢስ ዓባይ ደርሶ ስለ ግብፅ ሳያወራ የሚመለስ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከክፍላችን ልጆች ጋር የሄድን ዕለት (ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫው ተጠልፎ ፏፏቴው ብዙም ጢስ አልነበረውም) ክርክሩ ያው የተለመደው ነበር፦ ይኼ ውኃ የማን ነው? ሁላችንም ተናገርን። ግብፆች በራሳቸው ቋንቋ ስለ እኛ ምን እንደሚጽፉ ግን አንዳችንም አናውቅም። ስለዚህ፣ ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጥያቄ ለረጅም ዓመታት ያጠኑ አንድ ምሁር ላስተዋውቃችሁ ወደድሁ።

ሃጋይ ኤርሊክ እስራኤላዊ የታሪክ ፕሮፌሰር ናቸው። በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የመካከለኛው ምሥራቅንና የአፍሪካን ታሪክ አስተምረዋል። የሚገርመው የጀመሩት ከእኛው ጀግና መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ስለ ራስ አሉላ ነበር። አሉላን የሚያጠና ሰው ደግሞ በ1875 እና በ1876 የአፄ ዮሐንስ ጦር የግብፅን ጦር ድል የመታባቸውን ጉንደትንና ጉራን ዘሎ አያልፍም። ቀጥለው በ1989 ስለ ግብፅ ተማሪዎችና ፖለቲካ፣ በ1994 ስለ ኢትዮጵያና መካከለኛው ምሥራቅ፣ በ2002 ደግሞ ስለ ዓባይ «መስቀሉና ወንዙ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። በ2007 ስለ ሳዑዲ ዐረቢያና ኢትዮጵያም ጽፈዋል።

ከሥራቸው እኔን የያዘኝ ይህ ነው፦ ግብፆች ስለ እኛ ያላቸው ሐሳብ አንድ አይደለም። በ615 የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ሸሽተው ሲመጡ ንጉሣችን ተቀብሎ አስጠግቷቸዋል። ከዚህ ተነሥቶ «ሐበሻን አትንኩ» የሚል ወገን አለ። ሌላው ወገን ግን ንጉሡ ሰልሞ ነበርና አገሪቱ ከእስልምና የወጣች ናት ይላል። ታሪኩ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት። እንደየዘመኑ ፖለቲካ አንዱ ጎልቶ ይወጣል፤ «ግብፅ እንዲህ አለች» ሲባል «የትኛዋ ግብፅ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ሌላም አለ። ቤተ ክርስቲያናችን ለ1600 ዓመት ገደማ ጳጳስ ከእስክንድርያ ስታስመጣ ቆይታ የራሷን ፓትርያርክ ያገኘችው በ1959 ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ግብፅና ሱዳን ኢትዮጵያን ሳይጠሩ ውኃውን 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አድርገው ተካፈሉት። እኔ ሁለቱን ለየብቻ ነበር የተማርኳቸው። ኤርሊክ ግን ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ የድሮው ዝምድና በመስቀሉም በወንዙም በኩል በአንድ ዓመት እንደተበጠሰ ያሳያሉ።

እርግጥ ነው እስራኤል ራሷ ከግብፅ ጋር የተዋጋች አገር ናት፤ ስለዚህ እሳቸውንም ቢሆን ዓይንን ገልጦ ማንበብ ነው። የእኛም ምሁራን አሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዶ/ር ያዕቆብ አርሳኖ የዓባይን ፖለቲካ አጥንተው በ2007 መጽሐፍ አውጥተዋል። የእኔ ቅሬታ ዐረብኛውን ከምንጩ አንብቦ ለእኛ በአማርኛ የሚነግረን ሰው ማነሱ ላይ ነው። በተለይ ነገ ዜና እንሠራለን ለምንለው።

የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀ ዕለት ከጓደኞቼ ጋር የካይሮ ጋዜጦች ምን አሉ ብለን ከፍተን ነበር። ከእንግሊዝኛው ትርጉም አላለፍንም፤ የዐረብኛውን ርዕስ እንኳ የሚያነብልን ሰው አጣን።