በዛብህን ማን ገደለው?

እንዴት ይሠራል? | ተወዳጅ ገጸ ባሕርይ የሚሞትበት ጥበብ

“አንድ ዓመት እንኳ አብረው ቢያኖሯቸው ምን ነበረበት?”

‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን ያነበበ ወይም በሬዲዮ የሰማ ሰው ባለበት ቤት ይህ ቅሬታ አይጠፋም። በደጋ ብርድ፣ ሰው ሁሉ ወደ ምድጃው ተጠግቶ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ፣ ጨዋታው ወደ ፍቅረኞቹ ወደ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ከዞረ ጥፋተኛ ተብለው የሚነሡት የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ ብቻ አይደሉም። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም አብረው ይከሰሳሉ። “እጃቸው ላይ ነበሩ እኮ! ማን አስገደዳቸው?” ይባላል። ክሱ ቀላል አይደለም። በዛብህ የሚባል ሰው በሥጋ ኖሮ አያውቅም፤ ያኖረውም የገደለውም አንድ ብዕር ነው። ታዲያ ደራሲ ሰው ሁሉ የወደደውን መግደል አለበት ወይ?

መልሴን አስቀድሜ ልናገር፤ ይግደል፣ ግን ለቅሶውን ሳይጨርስ አይነሣ። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማየት አለብን። በወረቀት ላይ ብቻ የኖረ ሰው ሲሞት፣ ሥጋና ደም ያለን ሰዎች እንዴት ነው የምናለቅሰው?

ብዙ ሰው የሚያስለቅሰን ድንገተኛነቱ ይመስለዋል። አይደለም። የሐዲስ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ መቃብሩ ሽፋኑ ላይ ተጽፎ ነበር። አንባቢው ገና የመጀመሪያውን ገጽ ሳይገልጥ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ተነግሮታል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1946 ዓ.ም.፣ ከበደ ሚካኤል ‹ሮሜዎና ዡልዬት›ን በአማርኛ አቅርበውልን ነበር። የሼክስፒር ተውኔት ገና ሲከፈት ሁለቱ ወጣቶች እንደሚሞቱ በግልጽ ያስታውቃል። ይኸው ከአራት መቶ ዓመት በላይ ተመልካች መጨረሻውን እያወቀ ገብቶ እያለቀሰ ይወጣል። እንዲያውም አንጀት የሚበላው ማወቁ ነው። ሰብለ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ በዛብህን ፍለጋ መንገድ ስትጀምር፣ እኛ የምናውቀውን እሷ አታውቅም። እሷ ወደ ሠርጓ ትሄዳለች፤ እኛ ወደ ቀብር እንሸኛታለን። ድንጋጤ ለአንድ አፍታ ያስጮሃል እንጂ እንዲህ ያለ ሥራ አይሠራም። “መጨረሻውን አትንገረኝ” የሚል ሰው ሲገጥመኝ ዝም የምለው ለትሕትና ነው፤ በልቤ ግን መጨረሻው ሲነገር የሚበላሽ ታሪክ ድሮም የተበላሸ ነው እላለሁ።

እንባውን የሚያመጣውን ነገር ለማወቅ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ለቅሶ ጥሩ አስተማሪ ነው። ሙሾ አውራጇን ልብ ብላችሁ አይታችሁ ከሆነ፣ ሟቹን በሕይወቱ አይታው የማታውቅ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ አስቀድማ ትጠይቃለች። ስንት ልጆች አሉት? ማንን ይወድ ነበር? በሬዎቹ ምን ዓይነት ነበሩ? ምን ጀምሮ ሳይጨርስ ቀረ? ከዚያ ሙሾውን ስታወርድ “ደግ ሰው ነበር” ብላ አታልፍም፤ ደግነት በስሙ ሲጠራ ማንንም አያስለቅስም። የጀመረውን አጥር ታነሣለች፣ በሬውን በስሙ ትጠራለች፣ ያልተዳረች ልጁን ታስታውሳለች። ያን ጊዜ ሰውየውን ጨርሶ የማያውቅ መንገደኛ ሳይቀር ዓይኑ እንባ ያቀርራል። በድሮው ዘመን ጀግና ወይም ባላባት ሲሞትማ ፈረሱን በሙሉ ዕቃው ጭነው፣ ጋሻና ጠመንጃውን ይዘው በለቅሶው መካከል ያዞሩ ነበር። ባዶ ኮርቻ ያየ ሰው ማንም ሳይነግረው ያለቅሳል።

ልብ ወለድም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ሐዲስ በዛብህን ውደዱልኝ ብለው አይለምኑንም። የአባቱን የቦጋለ መብራቱንና የእናቱን የውድነሽን ቤት ያሳዩናል፤ ልጁ ትምህርት ፍለጋ ከወላጆቹ ሲለይ አብረን እንሸኘዋለን፤ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ሲቆጥር፣ ከዚያም በፊታውራሪው ቤት ሰብለን ሲያስተምር አጠገቡ ተቀምጠናል። ሞቱ የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ደራሲው በመቶ በሚቆጠሩ ገጾች ፈረሱን ሲጭኑ ኖረው በመጨረሻ ኮርቻውን ባዶ አደረጉት።

ከለቅሶ የምንማረው ሌላም ነገር አለ። ድንኳን የገባ ሰው ሁሉ የሚያለቅሰው ለሟቹ ብቻ አይደለም። አንዱ አባቱን ያነሣል፣ አንዷ ያለ ወግ የቀበረችውን እኅቷን። ለራሱ ሐዘን ጊዜ ያላገኘ ሰው በጎረቤት ለቅሶ ይወጣለታል። በልብ ወለድ ሰው ሞት ማልቀስ ሞኝነት የማይሆነውም ለዚህ ነው፤ ደራሲው ድንኳኑን ይተክላል፣ እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን ሙት ይዞ ይገባል። እውነተኛ ዘመድ አልሞተብንምና እንደ ልባችን እናለቅሳለን፤ ነገ ደግሞ መጽሐፉን ስንገልጥ በዛብህ በሕይወት አለ።

አሁን ወደ ክሱ እንመለስ። ማን ገደለው? በታሪኩ ውስጥ በዛብህ መንገድ ላይ ቆስሎ ነው ሰብለ የምትደርስበት። ያቆሰለው እጅ ግን የመጨረሻው ምክንያት እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ሞቱ ከመወለዱ ጋር አብሮ የተጠነሰሰ ነው። እናቱ ልጁን ለቤተ ክርስቲያን ተስላዋለች፤ ስለቱ በአንድ በኩል ይይዘዋል። ሰብለ የባላባት ልጅ ናት፤ የአባቷ የዘር ኩራት በሌላ በኩል በሩን ይዘጋል። የሰብለ ዘመድ ጉዱ ካሳ ይህን አሮጌ ሥርዓት እየተቸ “ጉዱ” ተባለ እንጂ ሰሚ አላገኘም። እነዚህን ሦስት ነገሮች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣችሁ በዛብህን በሰላም ልታገቡት ሞክሩ። ፊታውራሪ መሸሻ ልባቸው ራርቶ ድል ያለ ሠርግ ይደግሳሉ እንበል። ደስ ይለናል፤ ግን መጽሐፉ ዋሽቷል ማለት ነው። ያ ሥርዓት በዘመኑ ለስንቱ ወጣት አልራራም፤ ለእነዚህ ሁለቱ ብቻ ቢራራ ደራሲው እኛን ደስ ለማሰኘት ሲሉ ሥርዓቱን ነጻ ለቀቁት ማለት ነው። በእኔ ፍርድ የተወደደ ሰው መሞት ያለበት እንዲህ ሲሆን ነው፤ እንዲተርፍ ታሪኩ መዋሸት ሲኖርበት።

በጉዱ ካሳ ሞት ግን ከሐዲስ ጋር ለረጅም ጊዜ ተከራክሬያለሁ። ሁለቱ ፍቅረኞች ይበቁ ነበር፤ የሚያየውና የሚናገረው ሰው ቢተርፍ ምን ይጎዳል? እስካሁንም ሙሉ በሙሉ አልተረታሁም።

የሚገርመኝ ግን ደራሲው ከበዛብህ ሞት በኋላ የቆዩበት ጊዜ ነው። በዛብህ ዓይኑን ከመክደኑ በፊት ሁለቱ በሞት አልጋው ላይ ይጋባሉ። ከሞተ በኋላ ሰብለ ትመነኩሳለች፤ ሕይወቷን በመቃብሩ አጠገብ ትገፋለች። ጉዱ ካሳ ይመጣል። እሷን ይቀብራል፤ ራሱም ይከተላል። ይህ ሁሉ ለቅሶው፣ ሣልስቱ፣ አርባው መሆኑ ነው። ብዙ ደራሲ ሰውየውን ገድሎ ምዕራፉን ይዘጋል፤ ሐዲስ ግን አንባቢውን ከቀብር ብቻውን አልሰደዱትም።

ሞት ሁሉ ለእንባ አይጻፍም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት ‹ሐዲስ ዓለም› ውስጥ፣ ፓሪስ ተምሮ የተመለሰው አወቀ አባቱ ሲሞትበት ዘመድ አዝማድ ትልቅ ተዝካር ይደገስ ብሎ ይይዘዋል። ለአወቀ አባት ያለቀሰ አንባቢ እስካሁን አልገጠመኝም። ኅሩይም አልጠየቁንም። ሽማግሌው የሞቱት ስለ ድግሱ ክርክር እንዲነሣ ነው፤ ደራሲው ያዘኑት ለሟቹ ሳይሆን ተዝካር ለማብላት ዕዳ ለሚገባው ቤት ነው። ለምክር የተጻፈ ሞት ነው፤ አንባቢም ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል።

አንባቢ አምርሮ የተነሣበትን ሞት ለማየት ወደ እንግሊዝ እንሻገር። አርተር ኮናን ዶይል ሼርሎክ ሆልምስ የሚባለውን መርማሪ ፈጥሮ ዝነኛ ከሆነ በኋላ ሰለቸው፤ ከሌላ ሥራዬ አገደኝ አለ። ሊገድለው ማሰቡን ለእናቱ ሲጽፍላቸው እናትየው ተቃወሙ። ለጊዜው ሐሳቡን ተወው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1893 ግን ሆልምስን ስዊዘርላንድ ካለ ፏፏቴ ላይ ከጠላቱ ጋር ጣለው። አንባቢዎች የተቃውሞ ደብዳቤ አዘነቡ፤ ታሪኩን የሚያወጣውን መጽሔት ደንበኝነት የሰረዙም ብዙዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1903 ዶይል ተሸነፈና ሆልምስን ከሞት መለሰው። እንዴት ቻለ? በመጀመሪያው ታሪክ ሬሳ አልታየም። ጓደኛው ያገኘው እንደ እግር ዱካና ደብዳቤ ያሉ ምልክቶችን ብቻ ነበር። እዚህ ላይ የአገራችንን ሰው ጠይቁ፤ ሬሳ ያልተገኘለትን ሰው ቤተሰቡ ተቀምጦ ሲያለቅስለት እንኳ ዓይኑ ከበር አይነቀልም። አንባቢም እንዲሁ ነው፤ ስላልቀበረ አላመነም። ዶይል አንባቢውን ያስቆጣው ሆልምስን በመግደሉ ብቻ ሳይሆን፣ ስለሰለቸው በመግደሉ ነው። ሞቱ የደራሲው ጉዳይ እንጂ የታሪኩ ጉዳይ አልነበረም።

ይህ የአንባቢ ቁጣ ወደ ሬዲዮና ወደ ቴሌቪዥን ያመጣናል። መጽሐፍ ብቻችንን እናነባለን፤ አንዱ ዛሬ ያለቀሰበትን ገጽ ሌላው ከዓመት በኋላ ይደርስበታል። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን ሲተርክ ግን አገሩ ሁሉ የበዛብህን ሞት በአንድ ሰዓት ሰማ። ፊደል ያልቆጠረውም ከቆጠረው እኩል አለቀሰ። በዚያ ላይ የወጋየሁ ድምፅ አለ፤ ዛሬ መጽሐፉን የሚያነብ ስንቱ ሰው በራሱ ሳይሆን በወጋየሁ ድምፅ ያነባል።

ተከታታይ ድራማ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ተመልካቹ ገጸ ባሕርይውን በየሳምንቱ ቤቱ ያስገባዋል፤ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ያቆየዋል። የሚወደው ደግሞ ደጉን ብቻ አይደለም። ‹ሰው ለሰው› የተባለውን የቴሌቪዥን ድራማ የተከታተለ ሰው አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን ያስታውሳል፤ ተመልካቹ አስናቀን እየረገመ አስናቀን ይጠብቅ ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ከቤታችን ስታወጡት ስንብት ይገባናል። በድራማ ሞት ላይ የሚነሣው ቁጣ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው የምለው፣ ገዳዩ ታሪኩ ስለማይሆን ነው። ተዋናዩ ውጭ አገር ሄዷል፣ በክፍያ አልተስማማም፣ ወይም ሌላ ሥራ ይዟል። ስለዚህ ከመድረክ ጀርባ በመኪና አደጋ ይሞታል፤ አንዱ ስልክ አንሥቶ “እ? መቼ?” ይላል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉም ስለ ውርሱ ይጨቃጨቃል። እኛ አገር ሰው ሞቶ በሳምንቱ እንደዚህ የሚሆን ቤት የት አለ?

ከዚህ የባሰም አለ። በፊልሞቻችን የጀግናውን እጮኛ ወይም እኅት የሚገድሏት እሱ ተቆጥቶ እንዲነሣ ብቻ ነው። ስሟን እንኳ በወጉ ሳንይዝ ትሞታለች። ይህን ዓይነቱን ሞት አልወደውም፤ ሙሾ አውራጇ ትታዘባቸዋለች።

ስለዚህ ለድራማ ጸሐፊዎች የምለምነው ብዙ አይደለም። ተዋናዩ ከሄደባችሁ ሌላ ተዋናይ ተኩ፤ መጀመሪያ ብናጉረመርምም እንለምደዋለን። ታሪኩ ራሱ ሞቱን ከጠየቀ ግን አትፍሩ፣ ግደሉት። ሬሳውን አሳዩን፣ አስቀብሩን። ከዚያም ሴራውን ለአንድ ክፍል አቁማችሁ ቤተሰቡን ፍራሽ ላይ አስቀምጡልን፤ ጎረቤት ንፍሮ ይዞ ይምጣ፤ እኛም ገብተን “እግዜር ያጥናችሁ” እንበል።