ለቤት ኮምፒዩተር በመጠነኛ ዋጋ ኤስ ኤስ ዲ ስለ መምረጥ

መግቢያ

ኮምፒዩተሩን ራሱ በቤቱ ገጣጥሞ ለመሥራት የሚያስብ ተማሪ ያለችውን ጥቂት ገንዘብ በብዙ ዕቃ ላይ ማከፋፈል ግድ ይሆንበታል። ፕሮሰሰሩ፥ ማዘርቦርዱ፥ ራሙና ፓወር ሰፕላዩ የየድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ ለፋይል ማከማቻው የሚደርሰው የተረፈው ነው። ነገር ግን ማከማቻው ከሌሎቹ ዕቃዎች ሁሉ የሚለይበት ጠባይ አለው። ሌላው ዕቃ ቢበላሽ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ ነው፤ ይህ ሲበላሽ ግን የአራት ዓመት ማስታወሻና የመመረቂያ ጽሑፍ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ዋጋው መጠነኛ የሆነውን ኤስ ኤስ ዲ ከማይረባው ለይቶ ማወቅ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሥራም ጉዳይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የፍጥነት ቍጥር ለምርጫ ከሚረዱት ነገሮች የመጨረሻው ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረመሩ የሚገባቸው ነገሮች ግን ብዙ ጊዜ በካርቶኑ ላይ ሳይጻፉ የሚቀሩት ናቸው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

1ኛ/ ኤስ ኤስ ዲ ከሃርድ ዲስክ የሚለይበት ምክንያት

በሃርድ ዲስክ ውስጥ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ሳሕን አለ። ይህም በሴኮንድ 120 ዙር ማለት ስለ ሆነ፥ አንዱ ዙር ከሴኮንድ ሺህኛ 8.3 ያህል ይፈጃል። የሚፈለገው ጽሑፍ ከማንበቢያው በታች እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር ይጠበቃል፤ ማንበቢያውን የተሸከመው ክንድ ወደ ተፈለገው ስፍራ ለመሄድ የሚፈጀው ጊዜ ሲጨመርበት ጠቅላላው መዘግየት ከሴኮንድ ሺህኛ 12 ወይም 13 ያህል ይሆናል። እንግዲህ እዚህና እዚያ ተበታትነው የተቀመጡ ትናንሽ ፋይሎችን በሴኮንድ ከ80 ጊዜ እምብዛም አልፎ ሊያነብ አይችልም ማለት ነው። ዊንዶውስ ሲከፈት ግን የሚነበቡት እንደነዚህ ያሉት የተበታተኑ ጥቃቅን ፋይሎች በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ናቸው።

በኤስ ኤስ ዲ ውስጥ ግን የሚዞርም ሆነ የሚንቀሳቀስ አንዳች ነገር የለም። ጽሑፉ የሚያዘው ፍላሽ በሚባለው ሚሞሪ ነው። የፍላሽ ፈልሳፊ በቶሺባ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ጃፓናዊው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ ሲሆኑ፥ ዛሬ በኤስ ኤስ ዲ የምንገለገልበት ናንድ የተባለው ዐይነት በ1987 ለሊቃውንት ጉባኤ ቀርቧል። ይህ ሚሞሪ የተጠየቀውን ለመመለስ የሚፈጀው ጊዜ ከሴኮንድ ሺህኛ አንድ ዐሥረኛ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ከሃርድ ዲስክ ወደ ኤስ ኤስ ዲ ሲሻገሩ የሚገኘው ጥቅም እጅግ ትልቅ መሆኑን ነው። ከአንዱ ኤስ ኤስ ዲ ወደ ሌላው በመሻገር የሚገኘው ግን ለተራ ሥራ አነስተኛ ነው።

2ኛ/ ማዘርቦርዱ የሚቀበለውን ስለ ማወቅ

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፥ ገዥው ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት የማዘርቦርዱን መምሪያ ማንበብ ይገባዋል።

በቤት ኮምፒዩተር የሚገኙት መንገዶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ሳታ ይባላል። ሦስተኛው የሳታ ትውልድ በሴኮንድ እስከ 600 ሜጋባይት ሊያሳልፍ የሚችል ሲሆን፥ በተግባር የሚገኘው 550 ያህል ነው። ሁለተኛው ትውልድ የሚያሳልፈው ከዚህ ግማሹን ነው፤ ለምሳሌ ያህል ኤች 61 የተባለው የኢንቴል ቺፕሴት ያለባቸው አሮጌ ማዘርቦርዶች በዚሁ በሁለተኛው ትውልድ የተወሰኑ ናቸው። ይሁን እንጂ የእንዲህ ያለ ማዘርቦርድ ባለቤት ተስፋ ሊቈርጥ አይገባውም። ከላይ እንደ ተገለጸው ዋናው ጥቅም የመዘግየቱ መቅረት ነው እንጂ የመንገዱ ስፋት ስላልሆነ፥ ለውጡ ለእርሱም በግልጥ ይታየዋል።

ሁለተኛው መንገድ ኤን ቪ ኤም ኢ ሲሆን የሚያልፈው በፒ ሲ አይ ኤክስፕረስ በኩል ነው። በሦስተኛው ትውልድ በሴኮንድ 3,500፥ በአራተኛው 7,000 ሜጋባይት ያህል ይደርሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ኤም ቱ የሚባለው የቅርጽ ስም ነው እንጂ የመንገድ ስም አይደለም። ወርዱ 22 ርዝመቱ 80 ሚሊሜትር የሆነው ቀጭን ኤስ ኤስ ዲ በመልኩ አንድ ይምሰል እንጂ፥ አንዱ በሳታ ሌላው በኤን ቪ ኤም ኢ የሚሠራ ሊሆን ይችላል፤ ማዘርቦርዱም አንዱን ብቻ የሚቀበል ሊሆን ይችላል። በ2012 እንደ ወጣው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ያሉት የቢሮ ኮምፒዩተሮች ደግሞ የኤም ቱ ማስገቢያ ከቶ የላቸውም። ለእነዚህ የሚስማማው 2.5 ኢንች የሆነው የሳታ ኤስ ኤስ ዲ ነው።

የፍጥነቱ ቍጥር ምን ያህል እንደሚጠቅም ለመመርመር አንድ ምሳሌ ይበቃል። ፋይሉ የሚቀዳው በሴኮንድ 150 ሜጋባይት ከሚሰጥ ሃርድ ዲስክ ከሆነ፥ የሚቀበለው ኤስ ኤስ ዲ 550 ቢችል ወይም 7,000 ቢችል ሥራው የሚያልቀው በአንድ ሰዓት ነው። ሰፊ ወንዝ ከጠባብ ምንጭ አብልጦ ውሃ ሊያገኝ አይችልምና። ስለዚህ ጽሑፍ ለሚጽፍና ትምህርት ለሚያነብ ተማሪ ለ7,000 ሜጋባይት ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

3ኛ/ ርካሹን ርካሽ ያደረገው ምንድን ነው?

ሀ. የሴሉ ዐይነት። ፍላሽ ሚሞሪ ጽሑፉን የሚይዘው እጅግ ጥቃቅን በሆኑ ሴሎች ውስጥ የኤሌክትሪክ ሙል በማጠራቀም ነው። ይህንንም በጣሳ ውስጥ በተጨመረ ውሃ ልንመስለው እንችላለን። ጣሳው ባዶ ወይም ሙሉ ብቻ ከሆነ መለየቱ ቀላል ነው። ቲ ኤል ሲ በተባለው ዐይነት አንዱ ሴል 3 ቢት ስለሚይዝ 8 ደረጃዎች መለየት አለባቸው፤ ኪው ኤል ሲ በተባለው 4 ቢት ስለሚይዝ ደረጃዎቹ 16 ይሆናሉ። ደረጃው በበዛ ቍጥር በአንድ ሴል የሚከማቸው ይበዛል፥ ዋጋውም ይቀንሳል። ነገር ግን ውሃውን ከተወሰነው መስመር ላይ በትክክል ለማድረስ ብዙ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከዚህም የተነሣ መጻፉ ይዘገያል፥ ሴሉም ፈጥኖ ያረጃል።

ለ. ጊዜያዊው ማረፊያ። ይህን ዘገምተኝነት ለመሸፈን ሠሪዎቹ ከሴሎቹ ጥቂቱን 1 ቢት ብቻ እንዲይዙ አድርገው እንደ ፈጣን ማረፊያ ይገለገሉባቸዋል። በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የመጻፍ ፍጥነት የዚህ ማረፊያ ፍጥነት ነው። ማረፊያው ሲሞላ የሚሆነውን ለማየት ሳምሰንግ በ2020 ያወጣውን 870 ኪው ቪ ኦ እንመልከት። የ1 ቴራባይቱ ማረፊያ ቢበዛ 42 ጊጋባይት ነው፤ እስከዚያ ድረስ በሴኮንድ 530 ሜጋባይት ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ወደ 80 ይወርዳል። 100 ጊጋባይት በአንድ ጊዜ የሚገለብጥ ሰው በመጀመሪያው ፍጥነት ቢሆን ሥራው በ3 ደቂቃ ያህል ያልቅለት ነበር፤ በተግባር ግን 13 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። እንግዲህ ፊልም የሚያቀናብር ሰው ይህን መፍራት ይገባዋል፤ በቀን ጥቂት ገጽ የሚጽፍ ግን ማረፊያውን ሞልቶ ስለማያውቅ ጒዳቱን ላያየው ይችላል።

ሐ. ማውጫው። ፍላሽ ሚሞሪ የሚጻፍበትና የሚጠፋበት መጠን አንድ አይደለም። በጥቁር ሰሌዳ ላይ መስመር በመስመር መጻፍ ቢቻልም፥ ለማጥፋት ግን ሰሌዳውን በሙሉ ማጥፋት ግድ ነው እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ኮንትሮለሩ የሚጠበቀውን ጽሑፍ ወደ ሌላ ሰሌዳ እየገለበጠ፥ የትኛው ፋይል የት እንደሄደ በማውጫ ይመዘግባል። በደኅናዎቹ ኤስ ኤስ ዲዎች ይህ ማውጫ ዲራም በተባለ ፈጣን ሚሞሪ ይቀመጣል፤ ልኩም በተለምዶ ለ1 ቴራባይት 1 ጊጋባይት ነው። በርካሾቹ ላይ ዲራሙ ስለሚቀር ማውጫው ከዘገምተኛው ፍላሽ ላይ እየተነበበ ሥራው ይጓተታል።

በኤን ቪ ኤም ኢ በኩል ለዚህ ችግር መፍትሔ ተገኝቶለታል። በ2014 በወጣው 1.2 ደንብ መሠረት፥ ዲራም የሌለው ኤስ ኤስ ዲ ከኮምፒዩተሩ ራም ጥቂት ሜጋባይት ተበድሮ ማውጫውን እንዲያስቀምጥበት ተፈቅዶለታል። ሳታ ግን እንዲህ ያለ ብድር አያውቅም። ከዚህ አንድ ጠቃሚ ደንብ ይወጣል፦ ማዘርቦርዱ ሁለቱንም የሚቀበል ከሆነና ዋጋቸው ከተቀራረበ፥ ዲራም ከሌለው ሳታ ይልቅ ዲራም የሌለው ኤን ቪ ኤም ኢ ይሻላል። ማዘርቦርዱ ሳታን ብቻ የሚቀበል ከሆነ ግን ዲራም ያለውን መፈለግ ይገባል።

4ኛ/ ዕድሜና ዋስትና

ሠሪዎቹ ኤስ ኤስ ዲው ምን ያህል ጽሑፍ እንደሚሸከም በቴራባይት ቈጥረው ዋስትና ይሰጣሉ። ክሩሻል ቢ ኤክስ 500 በ480 ጊጋባይት ልኩ 120 ቴራባይትና 3 ዓመት ሲሰጠው፥ በ500 ጊጋባይት ልክ ኤም ኤክስ 500 180 ቴራባይትና 5 ዓመት፥ ሳምሰንግ 870 ኢቮ ደግሞ 300 ቴራባይትና 5 ዓመት ተሰጥቷቸዋል።

ከእነዚህ ያነሰውን ብንወስድ እንኳ፥ በቀን 20 ጊጋባይት የሚጽፍ ሰው 120 ቴራባይቱን ለመጨረስ 6,000 ቀን፥ ማለት ከ16 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የተማሪ ኤስ ኤስ ዲ በብዛት በመጻፍ አልቆ የሚሞት አይደለም። የዋስትናው ቍጥር የሚጠቅመን ሠሪው በገዛ ዕቃው ምን ያህል እንደሚተማመን ምስክር ስለሚሆነን ነው። ዕቃው በዘመድ ሻንጣ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የመጣ እንደ ሆነ ግን፥ ዋስትናውን ለመጠየቅ ብዙውን ጊዜ ወደ ተገዛበት አገር መመለስ ስለሚያስፈልግ፥ ለረዥም ዋስትና ሲባል ብቻ ዋጋ መጨመር ለአገራችን ገዥ ያን ያህል አያተርፍም።

የመጠኑን ነገር በአጭሩ ለመናገር፥ 240 ጊጋባይት ዊንዶውስና ፕሮግራሞች ከገቡበት በኋላ ቶሎ ይጠባል። ከላይ የተገለጸው ማረፊያም ባዶ ስፍራ ሲያጣ ስለሚያንስ፥ የሞላ ኤስ ኤስ ዲ የዘገየ ኤስ ኤስ ዲ ይሆናል። ስለዚህ 480 ወይም 500 ጊጋባይት መካከለኛው ምርጫ ነው። 500 የተባለው በዊንዶውስ 465 ሆኖ ቢታይ የአቈጣጠር ልዩነት ነው እንጂ ማታለል አይደለም።

5ኛ/ በገበያ ላይ ሊደረግ ስለሚገባው ጥንቃቄ

ጠርጥር፥ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ይባላል። አንደኛው ስንጥር ስሙ ሳይለወጥ ውስጡ የሚለወጠው ዕቃ ነው። በ2021 ዌስተርን ዲጂታል ብሉ ኤስ ኤን 550 በተባለው ኤስ ኤስ ዲ ውስጥ ፍላሹን በመለወጡ፥ ማረፊያው ከሞላ በኋላ ያለው የመጻፍ ፍጥነት ከሲሶ በላይ ቀንሶ ተገኝቷል፤ ኩባንያውም ወደ ፊት ለውጡ የተገለጸውን ባሕርይ የሚነካ ከሆነ አዲስ የሞዴል ቍጥር እንደሚሰጥ አስታውቋል። በዚያው ዓመት ክሩሻል ፒ ቱ በቲ ኤል ሲ ፈንታ በኪው ኤል ሲ እየተሠራ መሸጡ ታውቋል። እንግዲህ ስለ አንድ ሞዴል የተነገረ ምስጋና ሁሉ መቼ እንደ ተጻፈ መመልከት ያስፈልጋል። የክሩሻል ባለቤት የሆነው ማይክሮንም ይህን የተራ ገዥዎች ንግድ እንደሚተው በዲሴምበር 2025 ስላስታወቀ፥ በሱቅ የሚገኘው የቀድሞ ክምችት ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይገባል።

ሁለተኛው ስንጥር ሐሰተኛው ዕቃ ነው። ስመ ጥር ያልሆነ ባለ 2 ቴራባይት ኤስ ኤስ ዲ በ240 ዋጋ ቢቀርብ፥ ውስጡ ትንሽ ሚሞሪ ሆኖ ትልቅ መስሎ እንዲታይ የተደረገ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማጋለጥ ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ ወይም ኤፍ ስሪ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ዕቃውን እስከ ጫፍ ሞልቶ መልሶ ማንበብ ይበቃል። ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ ደግሞ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሠራበትን ሰዓትና ብዙውን ጊዜም የተጻፈበትን ልክ ያሳያል። ሻጩ ይህን ምርመራ ካልፈቀደ አለመግዛት ይሻላል።

6ኛ/ የመብራት መቋረጥና የሥራው ደኅንነት

በትላልቅ ድርጅቶች የሚሠራባቸው ኤስ ኤስ ዲዎች መብራት በድንገት ሲጠፋ የጀመሩትን የሚጨርሱበት ኀይል በካፓሲተር አከማችተው ይይዛሉ። ለቤት የሚሠሩት አብዛኞቹ ግን ይህ ስለሌላቸው፥ በመጻፍ ላይ ሳሉ መብራት ቢጠፋ ፋይሉ ሊጐዳ፥ አልፎ አልፎም ዕቃው ራሱ አልከፍት ሊል ይችላል። መብራት በሚቋረጥበት ከተማችን ይህ ከፍጥነቱ ቍጥር እጅግ የበለጠ ሊያሳስበን ይገባል። ሃርድ ዲስክ ሲያረጅ ብዙ ጊዜ በድምፅና በመዘግየት አስቀድሞ ይናገራል፤ ኤስ ኤስ ዲ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሞት ይችላል፤ ከሞተም በኋላ ፋይሉን ማውጣት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ከዚህም የተነሣ ከውዱ ወደ መካከለኛው በመውረድ የተረፈው ገንዘብ ለአነስተኛ ዩ ፒ ኤስ ወይም ያገለገለም ቢሆን ደኅና ለሆነ የውጭ ሃርድ ዲስክ ቢውል፥ ተማሪውን ከማናቸውም ፈጣን ኤስ ኤስ ዲ ይልቅ ይጠቅመዋል። በሁለት ስፍራ ያልተቀመጠ ጽሑፍ እንደ ተጻፈ ሊቈጠር አይገባውም።

መደምደሚያ

በጠቅላላው የምርጫው ቅደም ተከተል እንዲህ ሊሆን ይገባዋል። በመጀመሪያ ማዘርቦርዱ የሚቀበለውን መንገድ ማወቅ፤ ሁለተኛ 480 ጊጋባይት ያህል መጠን መያዝ፤ ሦስተኛ ገንዘቡ ከፈቀደ ቲ ኤል ሲን ከኪው ኤል ሲ ማስቀደም፤ አራተኛ በሳታ ዲራም ያለውን መፈለግ፤ አምስተኛ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ዕቃውን መመርመር፤ ስድስተኛ ለመጠባበቂያው ቅጂ ገንዘብ ማስቀረት። እነዚህ ሁሉ ከተሟሉ በኋላ ሁለት ዕቃዎች በዋጋ እኩል ሆነው ቢገኙ፥ ያን ጊዜ የፍጥነቱን ቍጥር ማየት ይቻላል።