ፍሪሜሰን፦ ብይኑና ወሬው

በሰበታ፣ በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ የሚያስተምር ኡስታዝ ስለ ፍሪሜሰን ሲጠየቅ ብይኑን ከወሬው መለየት ይኖርበታል። በመካ የራቢጣ የፊቅህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳለፈው ብይን ጥብቅ ነው፤ በኩፍር የሚፈርደው ግን የማኅበሩን ምንነትና ዓላማ እያወቀ በገባ ሰው ላይ ነው። ይህ ቅድመ ሁኔታ ሲዘለል ተክፊርን የሚያህል ከባድ ጉዳይ በእጅ ምልክት ወይም በልብስ ላይ በታተመ የዓይን ሥዕል ይወሰናል፤ ሱረቱል ሑጁራት በ6ኛው አንቀጽ ያዘዘው ማጣራትም ይቀራል።

ታላቁ ሎጅ በ1717 ለንደን ላይ ተመሠረተ፤ አዳራሹ ዛሬ ለጎብኚ ክፍት ነው። ወጣቶች ከእርሱ ጋር የሚያምታቱት ኢሉሚናቲ ግን በ1776 በባቫሪያ ተቋቁሞ ዐሥር ዓመት ሳይሞላው የታገደ ሌላ ማኅበር ነበር። አሚር ዐብዱልቃዲር አልጀዛኢሪ በ1864፣ ጀማሉዲን አልአፍጋኒም በ1870ዎቹ ግብፅ ውስጥ ሎጅ ገብተዋል። የ1978ቱን ብይን ወደ ኋላ መልሶ በእነርሱ ላይ መጫን፣ በእኛ እይታ፣ ታሪክንም ፊቅህንም ማዛባት ነው።