«አቅም በፈቀደ መጠን»

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 91 ንዑስ አንቀጽ 3 መንግሥት ኪነ ጥበብን የማስፋፋት ግዴታ እንዳለበት ይናገራል፤ «አቅም በፈቀደ መጠን» ከሚል ገደብ ጋር። እኛ የሕግ ሰዎች እንዲህ ያለ ሐረግ ስናይ ፈገግ እንላለን። ከግዴታ ይልቅ ለሰበብ ይመቻልና።

ለመሆኑ አቅም ማለት ምንድን ነው? አሜሪካ ለሠዓሊዎችና ለተዋንያን ከመንግሥት ካዝና ደመወዝ መክፈል የጀመረችው በጥጋብ ዘመኗ አልነበረም። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1930ዎቹ፣ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ገና ያልለቀቃት ወቅት ነበር። ለሥራ አጦች የተዘረጋው መርሐ ግብር መንገድ ለሚሠራው እንደሚከፍል ሁሉ ሥዕል ለሚያስተምረውም ይከፍል ነበር። በየከተማው ከመቶ በላይ የማኅበረሰብ የጥበብ ማዕከላት ተከፈቱ።

አንዱ በ1937 የተከፈተው፣ የኒውዮርክ ጥቁሮች ሰፈር የሆነው የሃርለም ማዕከል ነው። የመጀመሪያዋ ኃላፊ ቀራጺዋ ኦገስታ ሳቬጅ ነበረች። ሳቬጅ ጃኮብ ሎውረንስ የተባለ የሰፈሩን ድሃ ወጣት ለመርሐ ግብሩ ልታስቀጥረው ብትወስደው 21 ዓመት አልሞላውም ተብሎ ተመለሰ። በዓመቱ ደግማ ወሰደችው። በሳምንት 23 ዶላር ከ86 ሳንቲም እየተከፈለው መሣል ጀመረ። በ1941 ከደቡብ ወደ ሰሜን የፈለሱትን ጥቁሮች ታሪክ በ60 ሥዕሎች ሠርቶ ጨረሰ፤ ዛሬ ሥዕሎቹን ሁለት ታላላቅ ሙዚየሞች ተካፍለው ይዘዋቸዋል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የቺካጎው ነው። እዚያ መንግሥት የሠራተኛውን ደመወዝ ሲችል ቤቱን ማግኘት የነዋሪው ድርሻ ሆነ። ነዋሪው በየመንገዱ ባለ 10 ሳንቲም እየለመነ አንድ አሮጌ መኖሪያ ቤት ገዛ። በ1941 የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ኤሊኖር ሩዝቬልት መጥታ መረቀችው። በ1943 የፌዴራሉ ገንዘብ ቆመ። የሃርለሙ ማዕከል በጦርነቱ ዘመን ተዘግቶ ቀረ፤ የቺካጎው ዛሬም በዚያው ቤት ይሠራል።

በደርግ ጊዜ በየቀበሌው ኪነት ነበር። ቅስቀሳው እንዳለ ሆኖ (በልጅነታችን የሰማነው መፈክር ለዕድሜ ልክ ይበቃናል) የድሃ ልጅ ጊታር የሚነካው እዚያ ነበር። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ግን መሣሪያውም አዳራሹም የቀበሌው ነበርና ሥርዓቱ ሲወድቅ ኪነቱም አብሮ ወደቀ። በኋላ አዳራሹ ለሠርግ ሲከራይ አይቻለሁ።

ዛሬ የነዋሪዎች ማኅበር አቋቁሞ ሕጋዊ ሰውነት ማግኘት በ2011 ዓ.ም. በወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ይቻላል። ለእንዲህ ያለ ማኅበር አንድ የሰፈር አዳራሽ በረጅም ጊዜ ውል ቢሰጠው፣ በጀቱም የአንድ የሙዚቃና የአንድ የሥዕል መምህር ደመወዝ ቢሸፍን፣ የዓመት ወጪው ለአንድ ቀን በዓል ከሚተከለው መድረክ፣ ከባነሩና ከቲሸርቱ ይበልጣል ብዬ አላምንም።